የጠበበው ቀዳዳ

ጡረታ የወጣሁ ሰሞን የወርክሾፑን ቁልፍ ላስረክብ ወደ መሐል ሜዳ ማሠልጠኛ ሄጄ ነበር። አዲሱ መቁረጫ ማሽን የገባው በዚያው ሰሞን ነው። ወጣቱ አሠልጣኝ ኮምፒውተሩን ነካ ነካ ሲያደርግ ማሽኑ በቀጭን ብርሃን አንዱን የፕላስቲክ መስታወት ቆራረጠው፤ ጥግ ጥጉ ላይ ቀዳዳ አወጣለት፤ ጠርዙም ሞረድ የማይፈልግ ልስልስ ሆኖ ወጣ። እኔ ግማሽ ቀን የምደክምበት ሥራ ነው። ቅር አለኝ ብል ውሸት ነው፤ እንዲያውም ደስ አለኝ። እጄ ግን አላስቀምጥ አለኝና ቀዳዳውን በጥፍሬ ዳስሼ፣ የሚገባበት ብሎን የትኛው እንደሆነ ጠየቅሁ። አሠልጣኙ ሳቀ። ድሮ ተማሪዬ ነበር።

"አስፍቼዋለሁ፣ እትዬ አስካለ። ሌላውን ሁሉ ብረሳ እሱን አልረሳም" አለኝ።

ቀጥሎም ከዚያ ሁሉ ትምህርት መሐል ይህቺን አንዲት ነገር ለምን እንደ ውዳሴ ማርያም በየቀኑ እደግማት እንደነበር ጠየቀኝ። መልሱ ነበረኝ፤ ግን ረጅም ነው፤ እሱንም ተማሪዎች እየጠበቁት ነበር። አሁን ጊዜ አለኝና ቁጭ ብዬ የምጽፈው ያንን መልስ ነው።

ላልለመደው ሰው፣ የፕላስቲክ መስታወት ማለት እንደ መስታወት ጥርት ያለ፣ ግን ከመስታወት የቀለለና ሲወድቅ የማይበታተን ጠፍጣፋ ፕላስቲክ ነው። ነጋዴዎቹ ሌላ ስም አላቸው፤ የኛ አገር ሰው ግን "የማይሰበረው" ብሎ ጠራው። እኔ በሥራ ዘመኔ የማይሰበረው ሲሰነጠቅ ያየሁትን ያህል የሚሰበረው ሲሰበር አላየሁም። ወደ መንዝ ያመጣው ደግሞ መንገዱ ነው። በዚያን ጊዜ በአውቶቡስ ጣራ ላይ የተጫነ መስታወት ጣርማ በርን አልፎ፣ በዚያ ኮረኮንች ተንገጫግጮ ሞላሌ ሲደርስ፣ ባለቤቱ የሚረከበው ስባሪ ነበር። ፕላስቲኩ በባና፣ በአገራችን የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ፣ ተጠቅልሎ ሲመጣ ደህና ይደርሳል። ጣጣው የሚጀምረው ከደረሰ በኋላ ነው።

ሥራውን ያስተማሩኝ ጋሽ ታደለ ናቸው። ወጣትነታቸውን አዲስ አበባ በአንድ የማስታወቂያና የሥዕል ፍሬም መሥሪያ አሳልፈው፣ መንግሥት በተለወጠ ጊዜ ሥራው ሲዘጋ ወደ ትውልድ አገራቸው ሞላሌ ተመልሰው ገበያው ዳር ሱቅ ከፈቱ። እኔ ትምህርቴን አቋርጬ ከቀየት ወደ ሞላሌ አክስቴ ዘንድ የመጣሁ ወጣት ነበርኩ። የቀጠሩኝ ቤት ልጠርግና ፍሬም ልሸጥ ነው። ደሞዙ ለሳሙናና ለጫማ ይበቃ ነበር፤ ከዚያ በላይ አላወራበትም። መጥረጉንም ብዙ አልገፋሁበትም። ጥቂት ወር እንደቆየሁ መጥረጊያውን በር ኋላ አቁሜ ከሥራ ጠረጴዛው አጠገብ ቆምኩ፤ እሳቸውም ዘወር በይ አላሉኝም።

ጋሽ ታደለ ፀሐይ ጠረጴዛቸው ላይ ሳትደርስ ሥራ አይነኩም። የመንዝን ጠዋት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ በተለይ ከጥቅምት ወዲያ አመዳዩ ገብሱ ላይ ነጭ ሆኖ ያድራል። ብርድ ያደረበት ፕላስቲክ ደግሞ አኩራፊ ነው፤ ትንሽ ሲነኩት ይሰነጠቃል። ስለዚህ ጋሼ ፕላስቲኩን አውጥተው ፀሐይ ላይ ያጋድሙታል፣ እጃቸውን ጣል ያደርጉበታል፣ ይጠብቃሉ። ጎረቤት ነጋዴዎች የሰነፍ ሱቅ እያሉ ይስቁባቸው ነበር። እኔም መጀመሪያ ላይ አብሬ ስቄያለሁ።

መቁረጥ በእኛ ቤት መጋዝ ማለት አልነበረም። ከአሮጌ የሴጌቶ፣ የብረት መጋዝ፣ ምላጭ የተሠራ አፉ ወደ ውስጥ የታጠፈ ቢላ ነበረን። የብረት ማስመሪያ ደግፎ በአንድ መስመር ላይ ደጋግሞ መጫር ነው። ጥሩ ሲጫር ቀጭን ክር የመሰለ ፍቅፋቂ ይወጣል። ጭረቱ ከውፍረቱ ሲሶውን ያህል ሲገባ መስመሩን ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር አስተካክሎ፣ በሁለት መዳፍ አንዴ ጫን ማድረግ ነው። ጭረቱን አሳጥሮ ቶሎ የሚጫን ሰው ስብራቱ በፈለገው መንገድ ይሄድበታል። ላዩ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ደግሞ ሥራው ሁሉ ሳያልቅ መላጥ ክልክል ነው፤ አንዴ የተጫረን ፕላስቲክ በጥርስ ሳሙና ሲፈትጉ መዋል አለና።

መሰርሰር ግን ዋናው ነው። አዲስ ፑንታ፣ የመሰርሰሪያው ጫፍ ማለት ነው፣ ስል ስለሆነ ፕላስቲኩን ይነክሰዋል፤ የነከሰ ለታ ይፈነቅለዋል። ጋሼ የፑንታውን አፍ በሞረድ ትንሽ ያደነዝዙታል፣ እንዲፍቅ እንጂ እንዳይነክስ። ከሥር ልሙጥ እንጨት አድርገው በሞርሳ ያስሩታል፣ የሳሙና ውሃ ጠብ ያደርጉበታል፣ በእጅ የሚዞረውን መሰርሰሪያ ቀስ እያሉ ያዞራሉ፣ አሁንም አሁንም ከፍ እያደረጉ ፍቅፋቂውን ያወጣሉ። መጀመሪያ በቀጭኑ፣ ከዚያ በወፍራሙ። ሰው የሚቸኩለው ሊያልቅ ሲል ነው፤ ፕላስቲኩ የሚሰነጠቀውም ያን ጊዜ ነው። ጋሼ መጨረሻዋ ላይ ትንፋሻቸውን ይይዙ ነበር።

በዚህ መሐል ሰላምታ አለ። የእኛ አገር ሰላምታ በአንድ ቃል አያልቅም፤ ከብቱ፣ ልጁ፣ አዝመራው፣ ጎረቤቱ ሁሉ ይጠየቃል። ሰላምታ ያልመለሰ ሰው ደግሞ ዓመት ይወራበታል። ጋሼ እየሰረሰሩ ሳሉ ሰው ሲገባ መሰርሰሪያውን አንስተው ያስቀምጣሉ፣ እጃቸውን ይጠርጋሉ፣ ይነሳሉ፣ አንዱንም ሳያስቀሩ ይመልሳሉ፤ ከዚያ ተመልሰው ይቀመጣሉ። እኔ ይህን ልማድ የሽማግሌ ነገር ነው ብዬ ነበር የማየው፤ እስኪደርስብኝ ድረስ። የመጀመሪያዬን ቀዳዳ ልጨርስ ስል ከሞላሌ ወረድ ብሎ ያለው ደብር ገበዝ መስቀላቸውን ይዘው ከተፍ አሉ። ቄስ ቆመው እኔ ልቀመጥ? ኖር ብዬ ብድግ አልኩ፤ መሰርሰሪያው ግን አብሮኝ ብድግ አለ። ፕላስቲኩ ጧ አለና ከጫፍ እስከ ጫፍ ሄደ። ገበዙ "በእግዜር፣ ተቀመጪ" እያሉ ነበር።

ጋሽ ታደለ አልተቆጡም። ስንጥቁን ቆርጠው አወጡና በሽቦ ግድግዳው ላይ ሰቀሉት። እዚያ የተሰቀሉ ብዙ ነበሩ፤ ሁሉም ስም አላቸው። "ይሄ የብርድ ነው፤ ይሄ የችኮላ ነው፤ ያንቺው ደግሞ የሰላምታ ነው" አሉኝ። ደንበኛ ሲመጣ እየጠቆሙ ያስረዱ ነበር፤ እኔ ሥር ሥሩ ቆሜ እየሰማሁ። እንዲህ ያለ ትምህርት ቤት አይቼ አላውቅም፤ ማሠልጠኛ ከገባሁ በኋላ እኔም ተማሪዎቼ ላይ ብድሬን ተወጥቼበታለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

እትዬ ዘነበች ሞላሌ ገበያ ላይ ጨውና ክር የሚሸጡ ባል የሞተባቸው ሴት ነበሩ። አንዲት ልጅ ነበረቻቸው፤ እሷም ደጋግሞ ፅንስ ሲጨነግፍባት አንጀታቸው እርር ብሎ፣ በዚያ ገበዝ ደብር ካለው ከእመቤታችን ሥዕል ፊት ቆመው ተሳሉ። ልጄ ወልዳ ልጁ ከተረፈ ሥዕልሽን መስታወት አለብሳለሁ አሉ። ሥዕሉ ድሮ መስታወት ነበረው፤ ግን በበዓል ቀን ሕዝቡ ሊሳለም ሲጋፋ ተሰብሮ ነበር። ልጅቱ ወለደች። ሴት ልጅ ናት፣ በሰማንያ ቀኗ ተጠመቀች፣ ምሕረት ተባለች። እትዬ ዘነበችም ገበዙን አስከትለው ሱቃችን መጡ። ገበዙ ሌላ መስታወት ተሰብሮ ሰው እንዳይጎዳ የማይሰበረው ይሁን ብለው ነበር።

ያን ሰሞን ጋሽ ታደለ ዕቃ ሊገዙ አዲስ አበባ ሊወርዱ ተነስተው ነበር። ሥራውን ለእኔ ተዉልኝ። እኔም በዚያን ጊዜ እጄ ተፍታቶ ነበር፤ እንዲያውም ሰው ከጋሼ ይልቅ የእኔን ጠርዝ ያደንቅ ነበር። ሲሄዱ ቀዳዳውን ከብሎኑ ትንሽ አስፊው አሉኝ። አዎ አልኩ። ግን ሰፋ ያለ ቀዳዳ ለእኔ የግድየለሽ ሥራ ነበር የሚመስለኝ። ብሎኑ ጥብቅ ብሎ ሲገባ ነበር ደስ የሚለኝ። ደግሞስ ያ ሁሉ ሕዝብ በሚያየው ሥራ ላይ ብሎኑ ቢወዛወዝ፣ ሴት ሠርታው ላላ ቢሉኝስ? ልክ በልኩ ሰረሰርኩት። ዲያቆናቱ ሥዕሉን ከነሣጥኑ ደጀ ሰላሙ ድረስ አውጥተውልኝ፣ በካቻቢቴ እስከ መጨረሻው አጥብቄ አሰርኩት። የሥዕሉ ፊት ጥርት ብሎ ሲታይ ገበዙ መረቁኝ። ደረቴን ነፍቼ ነበር የተመለስኩት።

በዓሉ የኅዳር ጽዮን ነበር። ቅዳሴ አልቆ የሥዕሉ መጋረጃ ሲገለጥ እልልታው ተጀመረ፤ ከዚያ ፊት ያሉት ሴቶች አቋረጡት። ከየብሎኑ ዙሪያ ፀጉር የመሰሉ ስንጥቆች ወጥተው ወደ መሐል እየሄዱ ነበር። ዙሪያው ያልተሰነጠቀ ብሎን አልነበረም። እኔም ከሴቶቹ መሐል ቆሜ አየሁት። እትዬ ዘነበች ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣል አድርገው ሕፃኗን ከልጃቸው ጀርባ ላይ አወረዱና እቅፋቸው ውስጥ ሸጎጧት።  በመጣው የገበያ ቀን ገበያው ሁሉ የሚያወራው አንድ ነገር ነበር፤ የዘነበች ስለት አልሰመረም። የሠራሁት እኔ ነኝና ስሜም አብሮ ይነሳ ነበር።

ይህን ነገር ከሩቅ ሆኖ ለሚያነብ ቀላል ሊመስለው ይችላል። ስለት አልሰመረም ማለት የተሰጠው ይወሰዳል ማለት ነው። እትዬ ዘነበች ገበያ መውጣት ተዉ። ልጃቸው ሱቅ ድረስ መጣች፤ ዓይኗ አብጦ ነበር።

"እናቴ ልጄን ከእጇ አላወርድም አለች። እንዳትወሰድ ነው የምትጠብቃት። እህልም አትቀምስ፣ አትተኛም። የሠራችሁት እናንተ ናችሁና አንድ ነገር በሏት" አለችኝ።

የት ላይ እንደተበላሸ ግን አልገባኝም። በአዲስ ፕላስቲክ፣ በጥሩ ፑንታ፣ በፀሐይ የሠራሁት ሥራ ነው። በዚያው ሳምንት ጋሽ ታደለ ተመለሱ። ነገሩን ስነግራቸው ሻንጣቸውን እንኳ ሳያስቀምጡ ወደ ደብሩ እንሂድ አሉ።

ጋሼ አንድ ሌላ ልማድ ነበራቸው፤ የተበላሸ ነገር ሲያዩ ያሸታሉ። የተቃጠለ መሰርሰሪያ፣ የተጋገረ ቫርኒሽ፣ ሁሉንም በአፍንጫቸው ነው የሚመረምሩት። ከሥዕሉ ፊት ሦስቴ አማተቡ፣ ተጠጉ፣ ብሎኖቹ አጠገብ አፍንጫቸውን አስጠግተው ረጅም ጊዜ ቆዩ። ከዚያ ገበዙን ይህን ማን ወለወለው ብለው ጠየቁ። ገበዙም ዘነበች ራሷ ናት አሉ። በዋዜማው መጥታ፣ የጧፍ ጠብታና የጣት ዐሻራ ይዞታል ብላ፣ ከቤቷ ባመጣችው፣ ከሁሉ በሚበረታው የመጀመሪያ ጭልፋ አረቄ አጥባ አንጸባረቀችው አሉ። የቤቷ ምርጥ ነበር። ለእመቤቴ ብላ ነዋ።

ወደ ሱቅ ተመልሰን ጋሼ ሁለት ቁራጭ አወጡ። አንዱን ከብሎኑ ልክ አድርገው፣ ሌላውን አስፍተው ሰረሰሩ። ልኩን በብሎን አጥብቀው እንጨት ላይ አሰሩት። ለሰፊው ከአሮጌ የመኪና ከመነዳሪ ክብ ላስቲክ ቆርጠው ከብሎኑ ሥር አስገቡና ጠበቅ አድርገው መልሰው ላላ አደረጉት። ሁለቱም ላይ አረቄ ጠብ አደረጉ። ተቀምጠን ጠበቅን። ብዙም አልቆየም፤ ከጠበበው ቀዳዳ ዙሪያ ዓይኔ እያየ ስንጥቁ ቀስ እያለ ወጣ፤ ይሄዳል፣ ይቆማል፣ እንደገና ይሄዳል። የሰፋው ላይ ምንም የለም።

እኔ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ተነሳሁ፤ አረቄው ነው! አልኩ። ነገ ጠዋት ገበያ መሐል ቆሜ እናገራለሁ፣ ይህ ሁሉ ሰው ስሜን ሲያጠፋ ሰንብቷል አልኩ። ጋሽ ታደለ እስክጨርስ ጠበቁኝና ተቀመጪ አሉኝ።

"ንገሪያት እንግዲህ። ስለትሽን በገዛ እጅሽ ሰነጠቅሽው በያት። ከዚያ ልጅቷን ከእጇ የምታወርድ ይመስልሻል?"

"ታዲያ እኔስ፣ ጋሼ? ስሜ እንዲህ ሆኖ ይቅር?"

"ቀዳዳው ጠብቦ ነበር ወይስ አልነበረም?"

"ነበር።"

"እንግዲያው እሱን እንነግራታለን። አንዋሽም።"

ያን ቀን አጥብቄ ተናደድኩባቸው። ግማሹ ጥፋት የእኔ፣ ግማሹ የአረቄው ነበር፤ ስሙ ግን ሙሉ በሙሉ ወደ እኔ ሊመጣ ነው። እሳቸው ግን በማግሥቱ እኔን አስከትለው እትዬ ዘነበች ቤት ገቡ። ጎረቤቶች ተሰብስበው ነበር። ጋሼ ቆመው፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ጥፋቱ የሱቃችን ነው አሉ። ቀዳዳው ጠብቦ ነው፤ ፕላስቲክ በፀሐይ ያብጣል፣ በብርድ ይኮማተራል፣ መላወሻ ሲያጣ ይሰነጠቃል፤ እመቤታችን ስለትዎን አልመለሰችውም፣ እኛ ነን ያበላሸነው አሉ። ሌላ ሠርተን እናለብሳለን፤ ሲሠራም መጥተው ይዩ አሏቸው። ሁሉም ወደ እኔ ዞረው አዩኝ። እኔ መሬት መሬቱን አየሁ።

እትዬ ዘነበች መጡ፤ ሕፃኗን ታቅፈው በራፉ ላይ ተቀመጡ። ሱቁ ውስጥ የቀረው አንድ ሙሉ ፕላስቲክ ነበር፤ ከተበላሸ ሌላ እስኪመጣ ስንት ቀን እንደሚቆይ እግዜር ነው የሚያውቀው። ጋሼ መሰርሰሪያውን እኔ እጅ ላይ አስቀመጡና ገለል አሉ። ፕላስቲኩን ፀሐይ ላይ አሞቅሁት። ጫርኩት፤ ጠርዙ ላይ አስደግፌ ጫን አልኩት፤ ቀጥ ብሎ ወጣ። ቀዳዳዎቹን ከጠርዙ ራቅ አድርጌ ምልክት አደረግሁ። በቀጭኑ ፑንታ ጀመርኩ፣ ወደ ወፍራሙ አለፍኩ፣ ከዚያ ደግሞ ከብሎኑ ወደሚሰፋው። የመጨረሻው ቀዳዳ ሊያልቅ ሲል ሕፃኗ ማልቀስ ጀመረች፤ የመንገድ ሰውም ሊጠይቅ ተጠጋ። መሰርሰሪያዬን አነሳሁ፣ አስቀመጥኩ፣ ተነስቼ ሰላምታውን አንድ በአንድ መለስኩ። ከዚያ ተቀመጥኩና ትንፋሼን ይዤ ጨረስኩት። ጋሽ ታደለ ጥግ ላይ ሆነው ፈገግ አሉ። ከዚያ በኋላ የተጠራጠሩኝ ጊዜ አልነበረም።

ሥዕሉን ስናለብስ ጋሼ ገበዙን ለብቻቸው ጠርተው፣ ከዛሬ ጀምሮ በእርጥብ ጨርቅ ዲያቆኑ ብቻ ይጥረገው፣ ሌላ ሰው አይንካው አሏቸው። ገበዙም ገባቸው። በወሩ የማርያም ለታ መጋረጃው ተገለጠ፤ ምንም አልነበረም። እትዬ ዘነበች እዚያው ቆመው አለቀሱ፤ ከዚያ ሕፃኗን ለእናቷ አሳዘሏት። ይህን ዓይቼ ቅሬታዬ በአንድ ቀን በነነ ብል አልታመንም። ገበያ ላይ ለዓመታት "ያቺ ስለቱን የሰነጠቀችው" ነበር ስሜ። የሚያዙኝ ሁሉ ሥራ ሲሰጡኝ ሳቅ እያሉ እንዳትሰነጥቂው ይሉኝ ነበር። አፌ ላይ እየመጣ ስንቴ ዋጥኩት። ጋሼ ያንን የተሰነጠቀ ፕላስቲክ ከግድግዳው ላይ ሰቀሉት፤ ስሙን ስጠይቃቸው "የጠበበ ቀዳዳ" አሉኝና ወደ ሥራቸው ዞሩ።

ጋሽ ታደለ ዓይናቸው ሲደክም ሱቁን ዘጉ፤ መሰርሰሪያውን ለእኔ ሰጡኝ። እኔም መሐል ሜዳ ሄጄ ሴቶች ከተደራጁበት ማኅበር ገባሁ። ሰብሳቢያችን ሪፖርት ወዳድ ነበረች፤ የሠራነውን ያህል እንጽፍ ነበር። ያን ጊዜ በየመሥሪያ ቤቱ የሐሳብ መስጫ ሣጥን ይሰቀል ስለተባለ ፊቱ ፕላስቲክ የሆነ ሣጥን ስሠራ ከረምኩ። ፊቱ ጥርት ያለ በመሆኑ ሣጥኑ ባዶ መሆኑ ከደጅ ይታይ ነበር፤ አንድ ኃላፊ ጭስ ቀለም ያለው የለም ወይ ብሎኛል። ከዚያ ባጃጅ መጣ። የባጃጅ የፊት መስታወት በኮረኮንች መንገድ ምን ያህል እንደሚቆይ ለሚያውቅ፣ ሥራ አጣሁ አልልም። ሾፌሮቹ ብሎኑን አጥብቂው ይሉኛል፤ እኔ አላጠብቅም እላለሁ፤ እንጨቃጨቃለን፤ ሌላ ጋ ሄደው አስጠብቀው ሲሰነጠቅ ተመልሰው ይመጣሉ። የሳምቡሳ ሣጥን ለምሠራላት አረቄ ሻጭ ደግሞ ከውሃ በቀር ሌላ እንዳይነካው አስምያት ነበር የሰጠኋት። በመጨረሻ ማሠልጠኛው ወርክሾፕ ቀጠረኝ፤ እስከ ጡረታዬም እዚያው ነበርኩ። በእጄ ተሠርቶ በጠበበ ቀዳዳ የተሰነጠቀ ሌላ ሥራ የለም። ይህን ስል አልፈራም።

ጋሽ ታደለ አርፈዋል። ገበዙም አርፈዋል። ጡረታ በወጣሁ በኅዳር ጽዮን፣ ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ፣ ወደዚያ ደብር ወረድኩ። ቅዳሴው ሲያልቅ ቀስ ብዬ ወደ ሥዕሉ ተጠጋሁ። ፕላስቲኩ ትንሽ ወይቧል፤ ሰው ግንባሩንና ከንፈሩን የሚያስነካበት ቦታ ደብዝዟል። ብሎኖቹን አንድ በአንድ አየኋቸው። ስንጥቅ የለም። ላስቲኩ ጠንክሮ ስለነበር ዲያቆኑን ቀይሩት ልለው አሰብኩ።

ከኋላዬ አንድ ሰው ለመደገፊያ ክንዴን ያዘኝ። እትዬ ዘነበች ነበሩ፤ አርጅተው፣ ጎብጠው፣ በአንዲት ረጅም ሴት ክንድ ተደግፈው። ኖር ብዬ እጃቸውን ሳምኩ። ዓይናቸው ደክሟል፤ በድምፄ አወቁኝ።

"ምሕረት፣ ይቺ ናት የመጀመሪያውን የሰነጠቀችው" አሉ፣ እየሳቁ። ሴትየዋ ጎንበስ ብላ ሰላም አለችኝ። ያቺ እቅፍ ውስጥ የተሸጎጠችው ሕፃን ናት፤ ቁመቷ ከእኔ በለጠ።

እትዬ ዘነበች ሳቃቸውን ተዉና ወደ ሥዕሉ ዞሩ። ዝቅ ባለ ድምፅ ነበር የተናገሩት፤ ከእኔና ከምሕረት በቀር ማንም አልሰማቸውም።

"ያኔ እንዴት ፈርቼ እንደነበር። በዋዜማው እኔ ነበርኩ የወለወልኩት። ከእኔ እጅ የመጣ መስሎኝ፣ እስከ ዛሬ አንዳንዴ ሌሊት ሲነቃኝ ይመጣብኛል።"

ምሕረት ወደ እኔ አየች። "እውነት ምን ሆኖ ነበር የተሰነጠቀው?" አለችኝ። አያቷም አንገታቸውን ወደ እኔ ዘንበል አድርገው ጆሯቸውን ሰጡ። ይህን ጥያቄ በዚያ ገበያ መሐል፣ በዚያ ሁሉ ሳቅ መሐል፣ አንድ ሰው እንዲጠይቀኝ ስንት ዓመት ለምኛለሁ። የሚያውቁት ሦስት ሰዎች ነበርን፤ አሁን አንድ እኔ ቀርቻለሁ።

"ቀዳዳው ጠብቦ ነበር" አልኩ። "እኔ ነኝ ያጠበብኩት።"

እትዬ ዘነበች ትንፋሻቸውን ለቀቁና የምሕረትን ክንድ መታ መታ አደረጉ። አልዋሸኋቸውም።